አደራና ርክክብ፦ ጠባቂ ያጣ ሶፍትዌር ማን እጅ ይገባል?



የታሪክ መምህር ስለ ሶፍትዌር ሊናገር መነሣቱ ያስገረማቸው ሰዎች በዚህ አዳራሽ እንዳሉ እገምታለሁ። እኔ ፕሮግራም ጸሐፊ አይደለሁም። ሆኖም የታሪክ ሰው አብዛኛውን ዕድሜውን የሚያሳልፈው መሬት፣ ሹመትና መጽሐፍ ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው እንዴት እንደተላለፉ በመመርመር ነው፤ ላለፉት ሠላሳ ዓመታት ደግሞ ከዚሁ ዘርፍ የሚመደብ አዲስ ታሪክ በዓይናችን ፊት ሲሠራ ቆይቷል። ሚሊዮኖች የሚገለገሉበት ፕሮግራም ደራሲው ሲደክመው፣ ሥራ ሲለውጥ ወይም ሲሰለቸው ማን ይረከበዋል? በማን ፈቃድ? ተረካቢውስ ታማኝ መሆኑ በምን ይታወቃል? የምናገረው ስለዚህ ነው። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሌላ ካላልሁ በቀር በጎርጎርዮስ አቆጣጠር ናቸው።

አስቀድሜ ሁለት ቃላትን ላብራራ። ክፍት ምንጭ ሶፍትዌር የምንለው ኮዱ ለሁሉም የሚታይ፣ ማንም እንዲገለብጠው፣ እንዲለውጠውና እንዲያሰራጨው በፈቃድ የተለቀቀ ፕሮግራም ነው። ፕሮግራም ግን እንደ ሣር ቤት ነው፤ ክዳኑ በየጊዜው ካልታደሰ ያፈሳል። ይህን የማደስ ሥራ የያዘውን ሰው ባለሙያዎቹ ሜንቴይነር ይሉታል፤ እኔ ጠባቂ እለዋለሁ። ከሰው የሚላክለትን እርማት መርምሮ የሚቀበለውም የሚጥለውም፣ አዲሱን እትም በፕሮግራሙ ስም የሚያወጣውም እርሱ ነው። ኮዱን ማንም ሊገለብጠው ይችላል። በዚያ ስም የማውጣት መብት ግን በአንድ ጊዜ በአንድ እጅ ወይም በጥቂት እጆች ብቻ ይገኛል፤ ተገልጋዩም የሚያምነው ያን ስም ነው።

የመጀመሪያው ምሳሌዬ በኧርባና ሻምፔን ከሚገኘው የኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ ይነሣል። በዚያ የነበረው ብሔራዊ የሱፐርኮምፒውተር ማዕከል፣ በምሕጻሩ ኤንሲኤስኤ፣ በ1990ዎቹ መጀመሪያ ድረ ገጾችን ለጠያቂ የሚያቀርብ ሰርቨር ለሕዝብ በነጻ አቅርቦ ነበር። የጻፈው ሮብ ማኩል የተባለ ወጣት ነው። በ1994 አጋማሽ ማኩል ማዕከሉን ለቆ ሄደ፤ ፕሮግራሙም ቆመ። ልብ በሉ፤ ያኔ በዓለም ላይ ይበልጥ ሥራ ላይ የዋለው የድረ ገጽ ሰርቨር ይኸው ነበር። በየቦታው ያሉ ባለሙያዎች ስሕተት ሲያገኙ እርማት የሚልኩለት ሰው ስላጡ፣ እያንዳንዱ በየቤቱ የራሱን ጥጋፍ እየጻፈ ይገለገል ጀመር።

ከዚያ የሆነው ለታሪክ ሰው እጅግ ደስ የሚል ነው። በየካቲት 1995 መጨረሻ ብራያን ቤለንዶርፍና ክሊፍ ስኮልኒክ እነዚህን የተበታተኑ ባለሙያዎች በኢሜይል አገናኟቸው፤ ስምንት ሰዎች የቡድኑ ዋና አባላት ሆኑ። የማዕከሉን እትም 1.3 መነሻ አድርገው ሁሉም በየቤቱ የጻፈውን ጥጋፍ አንድ ላይ ሰፉት። የመጀመሪያው ይፋ እትም በሚያዝያ 1995 ወጣ፤ 1.0 የተባለው ደግሞ ታኅሣሥ 1 ቀን 1995። ስሙን አፓቺ አሉት። ስሙ ለአሜሪካው የአፓቺ ሕዝብ ክብር የተሰጠ ነው ይባላል፤ በእንግሊዝኛ ግን «ኤ ፓቺ» ማለት ጥጋፍ የበዛበት ማለት ስለሆነ፣ ነገሩን በአማርኛ «ድሪቶው» ብንለው ከእውነቱ አንርቅም። በ1996 ድሪቶው እናቱን በልጦ በዓለም ቀዳሚው ሰርቨር ሆነ።

በዚህ ርክክብ ያስረከበ ሰው እንዳልነበረ አስተውሉ። ተረካቢዎቹ ግን አዲስ ስም አወጡ። አሮጌው ስም ለማዕከሉ ቀረ፤ ማዕከሉም በ1995 ሥራውን እንደገና ሲጀምር ሁለት ሰዎቹ በክብር አባልነት ከአዲሱ ቡድን ጋር እንዲመካከሩ ተጋበዙ። እኔ ይህን እንደ ትልቅ ጨዋነት እቆጥረዋለሁ። የሌላውን ስም ያልነኩት ሕግ ስላስገደዳቸው አይመስለኝም፤ ለስሙ የተሰጠው አመኔታ የራሳቸው እንዳልነበረ ስለተረዱ ይመስለኛል።

ከሦስት ዓመት በኋላ ይህን ያልተጻፈ ሥርዓት በጽሑፍ ለማስረዳት የሞከረ ሰው ተነሣ፤ ኤሪክ ሬይመንድ ይባላል። እርሱ ራሱ ኢሜይል ከሰርቨር የሚያመጣ ፖፕክላየንት የተባለ ትንሽ ፕሮግራም ከቀድሞ ጠባቂው ተረክቦ፣ ኋላም ፌችሜይል ብሎ ሰይሞ ያሳደገ ነው። በ1998 በጻፈው ድርሰት ወደ ጠባቂነት የሚያደርሱ ሦስት መንገዶች እንዳሉ አስተዋለ። አንዱ መመሥረት ነው፤ ሁለተኛው ከቀድሞው ጠባቂ እጅ መቀበል ነው፤ ሦስተኛው ደግሞ ጠባቂው የጠፋበትን ወይም የተወውን ፕሮግራም መያዝ ነው። በሦስተኛው መንገድ የሚሄድ ሰው አስቀድሞ የቀድሞውን ጠባቂ አጥብቆ መፈለግ፣ ዓላማውን በአደባባይ ማሳወቅና ተቃዋሚ ቢኖር ብሎ መጠበቅ አለበት። ሬይመንድ ይህን ሥርዓት ከጆን ሎክ የመሬት ንድፈ ሐሳብ ጋር አነጻጸረው፤ ጠፍ መሬትን በላቡ ያቀና ሰው ባለቤት ይሆናል እንደማለት ነው።

ሎክን አልንቅም። ነገር ግን የኢትዮጵያን የመሬት ሥሪት ላጠና ሰው ሌላ ነገር ትዝ ይለዋል። ሬይመንድ የገለጸው የአቅኚ ርስት ነው፤ መሬቱን በመጀመሪያ ካቀናው አባት የሚመዘዝና ከዘር ወደ ዘር የሚወርድ መብት። ጠባቂነት ግን በእኔ አስተያየት ይበልጥ የሚመስለው ጉልትን ነው። ጉልት ከአገልግሎት ጋር የተሳሰረ መብት ነበር፤ አገልግሎቱ ሲቆም መብቱም በመርሕ ደረጃ ይቆማል። በተግባር እንዳልቆመና በብዙ ቦታ ወደ ርስተ ጉልትነት እንደተለወጠ ሁላችሁም ታውቃላችሁ። በሶፍትዌሩም ዓለም ለዓመታት አንድ መስመር ሳይጠግን ስሙን ይዞ የተቀመጠ ጠባቂ ሞልቷል። ንጽጽሩ የሚሰበርበት ቦታ ግን አለ፤ ባለጉልት በገባሩ ላብ ሲኖር፣ ክፍት ምንጭ ጠባቂ ራሱ ለዓለም ሁሉ ገባር ነው። ያለ ደመወዝ፣ በትርፍ ሰዓቱ፣ ከማያውቃቸው ሰዎች የሚመጣን አቤቱታ ሲመልስ ይኖራል። ይህን ነጥብ አቆዩልኝ፤ እመለስበታለሁ።

ፈቃዱ ባይኖርስ ምን ይሆን ነበር? ለዚህ ሩቅ መሄድ አያስፈልገንም። የግዕዝ ፊደል በ1999 በወጣው ዩኒኮድ 3.0 እስኪካተት ድረስ አማርኛ የምንጽፍባቸው ፕሮግራሞች እያንዳንዳቸው የየራሳቸው የፊደል አሰዳደር ነበራቸው። አብዛኞቹ ዝግ ነበሩ፤ ሠሪው ሥራውን ሲተው ሌላ ሰው ሊቀጥላቸው አይችልም። በዚያ ዘመን ከመዛግብት የገለበጥኋቸው ማስታወሻዎች ያሉባቸው ዲስኮች ዛሬም በእጄ ይገኛሉ፤ ተከፍተው ሲታዩ የላቲን ፊደልና የምልክት ዝብርቅርቅ ናቸው። ከጽሑፉ ግማሽ ያህሉን ያተረፍሁት ፊደል ለዋጭ ፕሮግራም በመጠቀም ነው። ከእኔ በዕድሜ የማታንሱ ባልደረቦቼ ፈገግ ስትሉ አያለሁ።

አሁን ወደ ሁለተኛው ምሳሌዬ ልለፍ። የሰዓት ቀጠና የመረጃ ቋት ይባላል። በኪሳችሁ ያለው ስልክ የአዲስ አበባን፣ የሪያድንም ሆነ የዋሽንግተንን ሰዓት የሚያውቀው ከዚህ ቋት ነው ማለት ይቻላል። በ1980ዎቹ የጀመረው አርተር ዴቪድ ኦልሰን በአሜሪካ ብሔራዊ የጤና ተቋማት ይሠራ የነበረ ፕሮግራም ጸሐፊ ነው። ሥራው ሲነገር ቀላል ይመስላል፦ የትኛው አገር፣ መቼ፣ ሰዓቱን በስንት ለወጠ? ነገር ግን መንግሥታት ሰዓትን በድንገት ይለውጣሉ። በመጋቢት 2023 የሊባኖስ መንግሥት የበጋ ሰዓት ሊጀምር ሁለትና ሦስት ቀን ሲቀረው አዘገየሁት አለ፤ ገሚሱ ሕዝብ አልታዘዝም ብሎ አገሪቱ ለአጭር ጊዜ ሁለት ሰዓት ነበራት፤ ከዚያም ውሳኔው ተሻረ። የቋቱ ጠባቂዎች በዚያ ሳምንት አንድ እትም አውጥተው በሚቀጥለው መሻር ነበረባቸው።

ኦልሰን ወደ ጡረታ ሲቃረብ ርክክቡ በሥርዓት እንዲሆን ውይይት ተጀምሮ ነበር። ይህ ሳያልቅ በመስከረም 2011 መጨረሻ አስትሮላብ የተባለ ድርጅት በኦልሰንና በዋና ረዳቱ በፖል ኤገርት ላይ በማሳቹሴትስ የፌዴራል ፍርድ ቤት ክስ መሠረተ፤ ከእኔ አትላስ የተወሰደ መረጃ አለ በማለት። ድርጅቱ የኮከብ ቆጠራ ሶፍትዌር ሻጭ ነው። አትሳቁ፤ ኮከብ ለመቁጠር ሰውየው በተወለደበት ቀን በዚያ ከተማ ሰዓቱ ስንት እንደነበረ በትክክል ማወቅ ያስፈልጋል፤ ስለዚህ የዓለምን የሰዓት ታሪክ በትጋት ከሰበሰቡት መካከል ኮከብ ቆጣሪዎች ዋነኞቹ ናቸው። ጥቅምት 6 ቀን 2011 ኦልሰን ሰርቨሩን ዘጋ። የዓለም ኮምፒውተሮች ሰዓት የሚጠይቁበት ምንጭ በአንድ ግለሰብ እጅ ስለነበረ አንድ ክስ ብቻ ሊያደርቀው በቃ። በጥቅምት 14 የኢንተርኔት ስሞችን የሚያስተዳድረው አይካን ቋቱን ተረከበ። ክሱም በየካቲት 2012 ተነሣ፤ ድርጅቱ ይቅርታ ጠየቀ። በዚያው ወር አርኤፍሲ 6557 የተባለው ሰነድ ወጥቶ የርክክቡ ሥርዓት በጽሑፍ ሰፈረ፤ አስተባባሪውን የሚሾም አካል ተወሰነ፤ ቋቱም የማንም ንብረት እንዳይሆን ተደነገገ። በሎስ አንጀለስ የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ የሚያስተምረው ኤገርት አስተባባሪ ሆነ።

በዚህ ቋት ውስጥ አዲስ አበባ ምን ትመስላለች? ራሷን የቻለች መዝገብ የላትም፤ «አፍሪካ/አዲስ አበባ» የሚለው ስም ወደ ናይሮቢ የሚመራ ተለዋጭ መጠሪያ ነው። ደንቡ ከ1970 ወዲህ ሰዓታቸው አንድ የሆነ ቦታዎች በአንድ መዝገብ ይጠቃለሉ ይላል። ከዚያ በፊት ያለው የከተማችን ታሪክ በተለየ ፋይል ተቀምጧል። እዚያ እንደተጻፈው አዲስ አበባ እስከ ግንቦት 5 ቀን 1936 ድረስ ከግሪኒች በ2 ሰዓት ከ35 ደቂቃ ከ20 ሰከንድ ትቀድም ነበር፤ ከዚያ በኋላ በ3 ሰዓት። ቀኑን ወደ እኛ አቆጣጠር መልሱት፤ ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ዓ.ም. ይሆናል፤ የፋሽስት ጦር አዲስ አበባ የገባበት ዕለት ነው። ጦሩ በገባበት ዕለት ያንኑ ቀን ሰዓት ተለወጠ የሚለውን በጥርጣሬ ነው የማየው፤ ቀኑ የተመረጠው አመቺ ምልክት ስለሆነ ይመስለኛል። ከዚህ ይልቅ የሚያስደንቀው ከጎኑ ያለው ማስታወሻ ነው፦ ኢትዮጵያ ከ1870 እስከ 1890 ስድስት ተቀራራቢ የሰዓት ቀጠናዎች እንደነበሯት አንድ አትላስ እንደሚል ይገልጽና፣ ቀሪው የ2 ሰዓት ከ35 ደቂቃ መለኪያ «አዲስ ደራ»ን ሳይሆን አይቀርም ብሎ ይገምታል። በአብዛኛው በዐፄ ዮሐንስ ዘመን አገሪቱ በስድስት ቀጠና ተከፍላ ሰዓት ትቆጥር ነበር የሚለውን ማመን ያዳግተኛል። ማስታወሻውን የጻፈው ሰው ግን ግምት መሆኑን በግልጽ አስቀምጧል። የብራና ጽሑፍ ያነበባችሁ ይህን ታውቁታላችሁ፤ ያልተረዳውን ቃል እንዳለ ገልብጦ በኅዳጉ ላይ ምልክት የሚያደርግ ታማኝ ጸሐፊ ነው። ከእናንተ መካከል ከመዛግብት የተሻለ ማስረጃ የሚያገኝ ተማሪ ቢኖር እርማቱን መላክ ይችላል፤ የሚመረምርለት ሰው አለ።

በ2021 ኤገርት የ1970ውን ደንብ በአውሮፓ ከተሞች ላይም ሊያጸና ሲነሣ ብርቱ ተቃውሞ ገጠመው። አስተባባሪው ይቀየር ያሉም ነበሩ። በ2022 ኦስሎና ስቶክሆልም ወደ በርሊን የሚመሩ መጠሪያዎች ሆኑ። በክርክሩ ከተነሡት ነጥቦች አንዱ፣ የአፍሪካ ከተሞች ለዓመታት በዚህ ደንብ ሲተዳደሩ የአውሮፓዎቹ ለምን ይለያሉ የሚል ነበር። እኔ በታሪክ ሰውነቴ የአሮጌ መረጃ ወደ ጎን መገፋት አያስደስተኝም፤ ሆኖም ጸቡ በአደባባይ፣ በስምና በምክንያት መካሄዱን አደንቃለሁ።

ሦስተኛው ታሪክ እንዲህ በብርሃን የተሠራ አይደለም። መንደርደሪያው ኢቨንት ስትሪም የተባለ አነስተኛ ፕሮግራም ነው፤ በሳምንት 2 ሚሊዮን ገደማ ጊዜ ይወርድ ነበር። ጸሐፊው ለዓመታት አልተጠቀመበትም፤ በ2018 አንድ የማያውቀው ሰው በኢሜይል ልጠብቀው ሲለው ሰጠው። ተረካቢው የቢትኮይን ቦርሳ የሚሰርቅ ኮድ አስገባበት፤ በኅዳር ወር ተደረሰበት። ጸሐፊው በኋላ ያስረዳው ነገር ቀላል ነበር፤ ከፕሮግራሙ ምንም የማላገኝ ሰው ነኝ፣ ልሥራው የሚል መጣ፣ ሰጠሁት።

ኤክስዚ ግን ከዚህ ይከብዳል። ፋይሎችን አምቆ የሚያሳንስ መሣሪያ ነው፤ በሊኑክስ ኮምፒውተሮች ሁሉ ማለት ይቻላል ይገኛል። ለዓመታት የጠበቀው ላሴ ኮሊን የተባለ ፊንላንዳዊ ነው፤ ብቻውን፣ ያለ ክፍያ። በ2021 መጨረሻ ጂያ ታን የሚል ስም ያለው ሰው ትናንሽ እርማቶችን መላክ ጀመረ። እርማቶቹ ደኅና ነበሩ። በ2022 ደግሞ ከዚያ በፊት ያልታወቁ ሁለት ስሞች በኢሜይል ዝርዝሩ ላይ ብቅ አሉ፤ ሥራው ተጓተተ፣ ጠባቂው ግድ የለውም፣ ለሌላ ይሰጥ እያሉ ኮሊንን ያስጨንቁት ጀመር። በሰኔ 2022 ኮሊን ሲመልስ ፍላጎት እንዳላጣ፣ ለረጅም ጊዜ የቆየ የአእምሮ ጤና ችግር አቅሙን እንደገደበው፣ ይህም ክፍያ የሌለው የትርፍ ጊዜ ሥራ መሆኑን አስታወሰ፤ ጂያ ታንም ወደፊት የበለጠ ኃላፊነት ሊይዝ እንደሚችል ጠቆመ።

ከዚህ በኋላ ያለው የትዕግሥት ታሪክ ነው። ጂያ ታን እትም የማውጣት መብት አገኘ። በ2023 ጎግል የፕሮግራሙን ስሕተት ፈልጎ የሚያሳውቅበት አድራሻ ወደ እርሱ ዞረ። በየካቲት 2024 በወጣው እትም 5.6.0 ውስጥ፣ የመፈተኛ ናሙና በሚመስሉ ፋይሎች ተሰውሮ፣ የምሥጢር በር ገባ። በሩን የሚከፍተው ቁልፍ ደግሞ ሁሉም በሚያየው የኮድ መዝገብ ውስጥ አልነበረም፤ ጠባቂው አሽጎ በሚያወጣው ጥቅል ውስጥ ብቻ ነበር። ይህን አስቡት፤ ክፍት የሆነው ኮድ ንጹሕ ይመስል ነበር፤ የተበከለው በአመኔታ ብቻ የሚወሰደው ክፍል ነው። ዓላማው በአንዳንድ የሊኑክስ ስርጭቶች ላይ ኤስኤስኤች የተባለውን፣ ሰርቨር ከሩቅ የሚተዳደርበትን መግቢያ ቁልፉን ለያዘ ሰው መክፈት ነበር።

የተደረሰበት በአጋጣሚ ነው። የማይክሮሶፍት መሐንዲስ የሆነው አንድሬስ ፍሮይንድ ሌላ ሥራ ሲፈትሽ የኤስኤስኤች መግቢያ ግማሽ ሰከንድ ገደማ እንደዘገየ አስተዋለና ነገሩን ተከታተለው። መጋቢት 29 ቀን 2024 ለዓለም አሳወቀ። ያኔ እትሙ የደረሰው በአብዛኛው ለሙከራ በሚወጡ ስርጭቶች ላይ ነበር፤ የአደጋው መጠን ከ10 አሥር ተሰጠው።

አማርኛ ለዚህ ድርጊት ቃል አለው፤ አደራ በላ እንላለን። ሌባ የሰውን ገንዘብ ይወስዳል፤ አደራ በላ ግን ባለቤቱ አምኖ በሰጠው ነገር ላይ ነው የሚዘምተው። ብዙዎች ከዚህ በኋላ ኮሊንን ወቀሱ፤ እንዴት የማያውቀውን ሰው አመነ? እኔ ወቀሳውን አልቀበልም። የሬይመንድን ሁለተኛ መንገድ አስታውሱ፤ ከቀድሞው ጠባቂ እጅ፣ በአደባባይ፣ ከአንድ ዓመት በላይ ከቆየ ሥራ በኋላ የተደረገ ርክክብ ነበር። አጥቂው ሥርዓቱን አልጣሰም፤ ሥርዓቱን አንድ በአንድ ፈጸመው። ሊጠቀምበት የቻለው ቀዳዳ ያ አቆዩልኝ ያልሁት ነጥብ ነው፤ ለዓለም ሁሉ የሚገብር፣ የሚያግዘው ያጣ አንድ የደከመ ሰው። በኤክስዚ የሚገለገሉ ግዙፍ ኩባንያዎች አንድ ሁለተኛ ጠባቂ በደመወዝ ቢያቆሙለት ኖሮ ጂያ ታን የሚሞላው ክፍተት አያገኝም ነበር። የሰዓት ቀጠናው ቋትም ቢሆን ተቋም ያገኘው ከተከሰሰ በኋላ ነው፤ ይህ ቅደም ተከተል ያሳስበኛል።

ይህ ጉዳይ ከእኛ ሩቅ አይደለም። የዩኒቨርሲቲያችን ሰርቨሮችም እንደ ሌላው ዓለም በእነዚህ ፕሮግራሞች ላይ የቆሙ ናቸው። በኮምፒውተር ሳይንስ ትምህርት ክፍል ያላችሁ ተማሪዎች የመመረቂያ ሥራ ስትመርጡ ሁልጊዜ አዲስ ነገር ካልፈጠርን ትላላችሁ። ጠባቂው ብቻውን የቀረበትን አንድ አሮጌ ፕሮግራም መርጦ ለሁለት ዓመት እርማት መላክም ሥራ ነው፤ መምህራኖቻችሁም እንደ ሥራ ሊቆጥሩላችሁ ይገባል። በዚህ ላይ ከመምህራኑ ጋር ብንከራከር ደስ ይለኛል።

ኮሊን ከዚያ በኋላ ወደ ፕሮግራሙ ተመለሰ። ጂያ ታን ያስገባቸውን ለውጦች መርምሮ፣ የምሥጢሩን በር አስወግዶ፣ በግንቦት 29 ቀን 2024 እትም 5.6.2ን አወጣ። ጂያ ታን በሚለው ስም ጀርባ ማን እንደነበረ እስካሁን በይፋ አልታወቀም። ጊዜው ስለደረሰ እዚህ ላይ ላቁም፤ ጥያቄ ያላችሁ እጃችሁን አንሡ።